ሕፃንን ለትምህርት ቤት ስለ ማሰናዳት

ሕፃን ለትምህርት ቤት የሚሰናዳው በመግቢያው ቀን ሳይሆን አስቀድሞ በቤትና በሠፈር ነው። በ1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳዮች የተቈረቈረችው የጅቡቲ ከተማ ለዚህ ምስክር ናት። ብዙዎቹ የሱማሌና የአፋር ሕፃናት ወደ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት በቁርአን ቤት በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከመምህሩ አፍ እየሰሙ ያጠኑ ነበር። በዚህም ሰውነት በሥርዐት መቀመጥን፥ ጆሮ ማድመጥን፥ አእምሮም መያዝን ይለምዳል። የኢትዮጵያ የቄስ ትምህርት ቤትም ከፊደል እስከ ዳዊት ያደረገው ይህንኑ ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ልጁ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ የማዶ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል ይባል ነበር። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ዘመን ይህ መለኪያ ጠቅሟል፤ ነገር ግን የክንድን ርዝመት እንጂ የልብን ዝግጁነት አይለካም። በቤቱ ሱማልኛ ወይም አፋርኛ ሲናገር የኖረ ሕፃን ክንዱ ቢደርስም፥ በፈረንሳይኛ ሲጠየቅ ዝም ሊል ይችላል፤ ዝምታውም እንደ ድንቍርና እንዳይቈጠርበት ያሠጋል።

በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው የጅቡቲ ሕግ ከ6 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ሁሉ እንዲማሩ አዘዘ። ሕግ በሩን ይከፍታል፤ ሕፃኑን ተቀብሎ የሚያስገባው ግን መምህር ነው። እንግዲህ መምህር አዲሱን ተማሪ ከመመዘኑ በፊት፥ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።