ሮዳጅ

ሮዳጅ፦ አዲስ ወይም የታደሰ ሞተር ክፍሎቹ እርስ በርስ እስኪላመዱ ድረስ በጥንቃቄ የሚነዳበት ጊዜ። ጣሊያንኛው «ሮዳጆ»፣ ፈረንሳይኛው «ሮዳዥ» ይለዋል።

ከደምበጫ እስከ ቡሬ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሞተሩ ሲታደስ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዘይት ልጨምር?» ብሎ ነው። መልሱ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። በማሽን የተሳለ ግድግዳ ጥቃቅን ጭረቶች አሉት፤ የፒስተን ቀለበቶች ግጥም የሚሉት ከእነሱ ጋር በመጠኑ ተፋጭተው ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ የሚያንሸራትት ከሆነ ይህ ፍጭት ይቀንሳል። ብዙ መካኒኮች ሲንተቲኩን አቆይተው ተራውን የማዕድን ዘይት የሚመርጡት ለዚህ ነው። ቀለበቶቹ ሳይገጥሙ ግድግዳው ከተወለወለ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ጭሱም ወደ ሰማያዊ ያደላል።

በጋሎኑ ላይ የተጻፈው 15ደብሊው-40 ውፍረትን እንጂ ጥራትን አይናገርም፤ «ደብሊው» የፈረንጆችን ብርዳማ ወቅት ያመለክታል። ጥራቱን የሚለየው የደረጃ ምልክት ለቤንዚን ሞተር በ«ኤስ»፣ ለናፍጣ በ«ሲ» ይጀምራል።

ሮዳጅ ማዝገም ብቻ አይደለም። መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ ማሠራትም ሆነ በአንድ ፍጥነት ብቻ መንዳት ቀለበቶቹን አያስገጥምም፤ በመካከለኛ ጭነት ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ሙሉ ጭነት ይዞ የዓባይን በረሃ መውጣት ግን ይቆይ። የመጀመሪያው ዘይት የብረት ብናኝ ስለሚይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ከነፊልትሮው ይቀየራል። የፋብሪካው መመሪያ በእጅዎ ካለ ግን ከማንም ምክር አስቀድመው እሱን ይከተሉ።