በማቅለሚያ የሚሠራው የፀሐይ ሴልና የአዮዲኑ ጣጣ

ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከሲሊኮን ነው፡፡ ብራያን ኦሬጋንና ማይክል ግሬትዘል ግን እ.ኤ.አ. በ1991 በስዊዘርላንዷ ሎዛን ሌላ ዓይነት ሴል ይዘው ብቅ አሉ፡፡ ለነጭ የግድግዳ ቀለም የሚውለውን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በመስታወት ላይ በስሱ ቀብተው ማቅለሚያ አጠጡት፡፡

በዚህ ሴል ብርሃኑን የሚይዘው ማቅለሚያው ነው፡፡ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ኤሌክትሮኑም በቲታኒየም ዳይኦክሳይዱ አልፎ ወደ ሽቦው ይሄዳል፡፡ ለማቅለሚያው የጎደለውን ኤሌክትሮን የሚመልስለት ደግሞ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው፡፡

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ አዮዲን እንደ ብር ያሉ ማዕድናትን ይበላል፤ ማሸጊያው ከላላም ፈሳሹ ያፈሳል፡፡ ከሁሉ የሚብሰው ግን የሚያባክነው ቮልቴጅ ነው፡፡ ተመራማሪዎች ውድ ከሆነው ሩቴኒየም የሚሠሩትን ማቅለሚያዎች ለዓመታት ቢያሻሽሉም፣ ውጤታማነቱ ከ12 በመቶ አላለፈም፡፡

እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲኑ በኮባልት፣ ሩቴኒየሙም የክሎሮፊል ዘመድ በሆነው ፖርፊሪን ተተኩና 12.3 በመቶ ተገኘ፡፡ ጭማሪው ትንሽ ይምሰል እንጂ ቮልቴጁ ከ0.9 በላይ ወጥቷል፡፡ በ2022 ደግሞ መዳብ ያለበት ፈሳሽ ከሁለት ተደጋጋፊ ማቅለሚያዎች ጋር 15.2 በመቶ አስገኘ፡፡

ጣሪያ ላይ ከሲሊኮን ጋር ለመፎካከር ይህ አይበቃም፡፡ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው፤ ይኸው ሴል በመብራት ብርሃን ከ28 በመቶ በላይ በመስጠቱ ባትሪ ለሰለቻቸው አነስተኛ መሣሪያዎች ይሆናል፡፡