ከደብሩ ጉባኤ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ የሐይቅ የትምህርት ጉዞ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ መነሻው ከተማዋ ሳትሆን ደብሩ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ታላቅ ጉባኤ ዘርግተው ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ ተነሥተው በዚሁ ስፍራ መማራቸውን ገድላቸው ይናገራል። በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ ለገዳሙ የተሰጡትን መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ይሁን እንጂ ይህ የከበረ ጉባኤ ሁለት ወሰኖች ነበሩት። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት መሰደድ ነበረበት፤ ወደ ገዳሙም ሴት አትገባም።

ሁለተኛውን ወሰን በዘመናዊው ትምህርት በኩል ለማለፍ ፈር ከቀደዱት አንዷ የዚሁ አገር ተወላጅ ነበሩ። የአምባሰሉ ገዥ የጃንጥራር አስፋውና የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የወይዘሮ ስሒን ልጅ የሆኑት እቴጌ መነን፣ በ1924 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በእናታቸው ስም የተሰየመው የደሴው ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤትም ለወሎ ወጣቶች የከፍተኛ ዕውቀት በር ሆነ።

የመጀመሪያው ወሰን ግን ቶሎ አልተወገደም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ የገጠር ልጅ ደሴ ወጥቶ ቤት መከራየት፣ ወላጆቹም ከጎተራቸው ቀንሰው ስንቅ መላክ ነበረባቸው። ወንዱ እንደ ቆሎ ተማሪው ችግሩን ችሎ ሲማር፣ ሴት ልጅን ብቻዋን ከተማ ማስቀመጥ ግን ለብዙ ወላጆች የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ የእርስዋ ትምህርት የሚያበቃው ችሎታዋ ሲደክም ሳይሆን መንገዱ ሲረዝም ነበር።

እንግዲህ በትንሽ ከተማ የሚከፈት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትልቁ ፋይዳ በዚህ ይታወቃል። የደብሩ ጉባኤ ከሩቅ አገር ተማሪን ወደ ሐይቅ ሲስብ፣ የዛሬው ትምህርት ቤት ደግሞ የሐይቅን ልጅ በእናትዋ ቤት እያደረች እንድትማር አስችሏል። አንዱ የሌላውን ክብር አይቀንስም፤ ይልቁንም ይፈጽመዋል።

የገዳሙ አባቶች የመጻሕፍታቸውን ዝርዝር ከሰባት መቶ ዓመታት በላይ ጠብቀው አቆይተውልናል። እኛ የሙያ ባልደረቦችም የትምህርት ቤቶቻችንን የተማሪዎች መዝገብ፣ በተለይም የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ተማሪዎች ስም የያዘውን ገጽ፣ ከብልና ከአይጥ ልንጠብቀው ይገባናል።