አቼቶ፦ የአሲድ መጠኑና የቤት ውስጥ አገልግሎቱ

በመጻሕፍት ሆምጣጤ፣ በገበያ ደግሞ ከጣልያንኛ በተወረሰው ስሙ አቼቶ የሚባለው ፈሳሽ የሚገኘው፣ ባክቴሪያዎች አየር ባገኘ መጠጥ ውስጥ ያለውን አልኮል ወደ አሴቲክ አሲድ ሲለውጡት ነው። ሳይከደን የሰነበተ ጠጅ የሚኮመጥጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነጩ፣ የፖሙና የወይኑ አቼቶ በጣዕምና በመዓዛ ይለያያሉ። ለሥራ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው በጠርሙሱ ላይ በመቶኛ የሚጻፈው የአሲድ መጠን ነው። የሩዝ አቼቶ በአብዛኛው 4 በመቶ ገደማ፣ ነጩና የፖሙ 5 በመቶ አካባቢ፣ የወይኑ ደግሞ ከ6 እስከ 7 በመቶ አሲድ ይይዛል። በሩሲያ 70 በመቶ የሆነ ቅምጥ ይሸጣል፤ ይህ ሳይበረዝ ከተጠጣ ጉሮሮንና ጨጓራን ያቃጥላል፤ 5 በመቶ ለማድረግም አንዱ እጅ ከ13 እጅ ውሃ ጋር መቀላቀል አለበት።

ቁጥሩ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቃሪያ፣ ካሮትና ሽንኩርት በአቼቶ ለሚያቆይ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ የአሲዱ መጠን ከ5 በመቶ ማነስ የለበትም። አሲዱ ከሳሳ፣ በታሸገ ማሰሮ ውስጥ የሚያድገውና ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ ዕድል ያገኛል፤ የተመረዘው ምግብም ሽታውና መልኩ ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ መጠኑ ያልተለካ የቤት አቼቶ ለሰላጣ እንጂ ለማቆያ አይሆንም።

ሰላጣ ለማጠብ አቼቶ መጠቀም የተለመደ ነው። አንዳንድ ጀርሞችን ይቀንሳል፤ የወስፋትን እንቁላል ግን ያጠፋል ተብሎ አይታመንበትም። ቅጠሉን እያንዳንዱን በንጹሕ ወራጅ ውሃ ደጋግሞ ማጠብን አይተካም።

በውሃ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቆሻሻ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ አቼቶ በቀላሉ ያሟሟዋል። እኩል ውሃና አቼቶ አፍልቶ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያም ደኅና አድርጎ ማለቅለቅ ይበቃል። እብነ በረድም ከዚሁ ንጥረ ነገር የተሠራ ስለሆነ አቼቶ ይበላዋል። አቼቶ በአሉሚኒየምና በመዳብ ዕቃ አይቀመጥም፤ ብርጭቆ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት መጸዳጃ ቤት የበለጠ እንዲጸዳ በሚል አቼቶን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ሳንባን ይጎዳል፤ በተለይ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ሕይወትን እስከማሳጣት ይደርሳል። አንዱ ፈስሶ ከሆነ በብዙ ውሃ ሳይታጠብ ሌላው አይጨመርም። የሚያቃጥል ሽታ የሸተተው ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ካልተወው ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።

በጓሮ አረም ላይ የሚረጭ 5 በመቶ አቼቶ ገና የበቀለውን ቅጠል ያደርቃል፤ ሥሩ የጠነከረው ግን መልሶ ያቆጠቁጣል። አረሙን ከሰብል ስለማይለይም ጎመኑን አብሮ ያቃጥላል።