የተጻፈ ሁሉ ይወረሳልን? የሕግ ሰነድና ፊደላችን በድሬዳዋ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። እኔ ግን ተጽፎና ተቀምጦ ሳለ የማይወረስ ጽሑፍ መኖሩን ለማመልከት እወዳለሁ። ይኸውም ኮምፒውተር ውስጥ ያለ፣ ሲፈለግ ግን የማይገኝ የሕግ ሰነድ ነው።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲድ ጋር የተወለደች፣ ከጅምሩም የውልና የወረቀት ከተማ ናት። የባቡር ኩባንያው በፈረንሳይኛ ይጽፍ ነበር፤ የመንግሥት ጽሕፈት ግን በአማርኛ ሆነ። ዛሬ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ያስችሉባታል፤ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በወጣው ቻርተር የተቋቋሙ የከተማ ፍርድ ቤቶችም አሏት። የከዚራ ወይም የመጋላ ነዋሪ ስለ ቤቱ ሲከራከር በየትኛውም ችሎት ቢቀርብ የሚጠየቀው ጽሑፍ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ አንቀጽ 1727 ደግሞ የጽሑፍ ውል በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች እንዲፈረም ያዝዛል።

ይህን ወረቀት ለብዙ ዘመን የተሸከመው በኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚታወሰው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። መኪናው ፊደሉን ከግንዱና ከቅጥያው እያገጣጠመ ያትም ስለነበር መልኩ አያምርም ነበር፤ ነገር ግን ማንም ዐይን ያለው ያነበዋል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉት ቀደምት ፕሮግራሞች ለፊደላችን የተመደበ ቦታ ባልነበረበት ጊዜ የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ አስቀመጡት። ውለታቸው አይካድም፤ ቢሮዎቻችን በአማርኛ የጻፉት በእነርሱ ነው። ዳሩ ግን እኛ «ውል» ብለን የምናነበውን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እንደ ላቲን ምልክት ነበር። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ፍርዱ ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ዝርዝር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። በሁለቱ ዘመናት መካከል የተጻፈው ሰነድ ግን ራሱን በራሱ አልቀየረም።

ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ነውን? አይደለም። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የሚያስገድደውን ውሳኔ ፈልጎ ያላገኘ ተከራካሪ፣ ሕጉ ከእርሱ ጋር ሳለ ሊረታ ይችላል። በፒዲኤፍ የተቀመጠ የድሮ ፎንት ጽሑፍ ለዐይን ያማረ ቢሆንም ቃል ሲፈለግበት «የለም» ይላል። «የለም» የሚለውን መልስ ያመነ ጠበቃ ደንበኛውን ይጎዳል።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ሁሉ ጥቂት ልበል። የቆየ ፋይል ሲደርሳችሁ በቅድሚያ ወደ ዩኒኮድ ለውጡት፤ ከዚያም ቁጥሮችንና ስሞችን ከታተመው ዋና ቅጂ ጋር አመሳክሩ። ሁለት የውል ረቂቆችን በማይክሮሶፍት ዎርድ ስታነጻጽሩ አንዱ በድሮ ፎንት ከሆነ እያንዳንዱ ቃል እንደተለወጠ ይታያችኋል፤ እውነተኛው ለውጥ በዚያ መካከል ይሰወራል።

ዩኒኮድም ቢሆን የሞክሼ ሆሄያትን ችግር አይፈታም። «ሕግ»፣ «ህግ» እና «ኅግ» ለጆሮ አንድ፣ ለማሽኑ ግን ሦስት ናቸው። በዎርድ መፈለጊያ «ዋይልድካርድ» የሚለውን ምርጫ አብርታችሁ [ህሕኅ]ግ ብትጽፉ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያወጣል። «ፀሐይ» የምትባል ሴት ውሏ ላይ በፀሐዩ «ፀ»፣ መታወቂያዋ ላይ በጸሎቱ «ጸ» ብትጻፍ፣ [ፀጸ] ብሎ ያልፈለገ ሰው ሰነዷን አያገኘውም።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል። እንግዲህ መንግሥት ፋይልን እንደ ወረቀት ከተቀበለ ፋይሉ የሚነበብና የሚፈለግ እንዲሆን የማድረግ ግዴታም አለበት። የፍርድ ቤቶች የቆየ መዝገብ በዩኒኮድ ተለውጦ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ሊዘገይ የሚገባው የቅንጦት ሥራ አይደለም። ዜጋ የማያገኘው ሕግ ለዜጋው እንዳልታወጀ ይቆጠራል ብል ማን ይቃወመኛል?

ቸር ይግጠመን።