ዜና ሕንፃ ዘጎርጎራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በዲላና በጌዴኦ ምድር ላሉ ካቶሊካውያን ምእመናን ይህን ዜና እንጽፋለን። ሀገረ ስብከታቸው በ1929 ዓ.ም. በነገሌ ስም ተመሠረተ፤ በ1962 ዓ.ም. የሐዋሳን ስም ያዘ፤ በ1971 ዓ.ም. ወደ ቪካሪያትነት ከፍ አለ። ዕድሜው አጭር ነው። ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ ግን በጣና ዳር፣ በደንቢያ ምድር፣ የዚሁ እምነት ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ነበርና የታላቅ እኅታቸውን ነገር ይወቁ።

በ1595 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፣ ትውልዱ ከእስፓንያ የሆነ፣ አርመናዊ መስሎ በምጽዋ በኩል ገባ። ከዚያ አስቀድሞ ወደዚህ አገር ሲመጣ በባሕር ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ታስሯል። በትግራይ በፍሬሞና ተቀምጦ ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ሲናገርም ትሑት ነበረ። በ1599 ዓ.ም. ሱስንዮስ ንጉሡን ያዕቆብን ድል አድርጎ ነገሠ፤ ፓኤዝንም ወደደው፤ በጎርጎራም ርስት ሰጠው።

ፓኤዝም ለንጉሡ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት ሠራ። መዶሻውንና መሮውን እንዴት እንደሚያበጁ፣ ድንጋዩን እንዴት እንደሚጠርቡ ሠራተኞቹን በገዛ እጁ እያሳየ አስተማረ። ሰገነቱም በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ ቤት በላይ ቤት ተሠራ እያለ ሊያይ መጣ። ቀጥሎም የቤተ ክርስቲያን መሠረት ጣለ። በ1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ወደ ግሽ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አየ። በ1614 ዓ.ም. ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት በግልጽ ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ፓኤዝ በንዳድ ታሞ ሞተ፤ በጎርጎራም ተቀበረ።

በዚያም ዘመን ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ አገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ በጭቃ የሚያያዘው ግንብ ከዚያ ወዲህ በተቃጠለ ኖራ ተጣበቀ፤ ጣሪያውን በሣርና በእንጨት ፈንታ በድንጋይ ቅስት መክደን ተቻለ። የኋለኛው የጎርጎራ ቤተ ክርስቲያን፣ የአገሩ ሰው ማርያም ግንብ የሚለው፣ በዚህ ጥበብ ተሠራ። እንደ አገራችን ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ እየተከታተሉ የሚከቡት አይደለም፤ ርዝመቱ የሚበልጥ አንድ አዳራሽ ነው። ሕዝቡ ከበሩ ጀምሮ መንበሩን ፊት ለፊት ያይ ነበር። ከላይ በርሜል መሰል ቅስት ነበረው፤ ቅስቱም በአራት ማዕዘን ጉድጓዶች ተከፍሎ ነበር፤ በየጉድጓዱ የጽጌረዳ አበባ በድንጋይ ተቀርጾ ነበር። ከጎኑ የካህናቱ መኖሪያ ተያይዟል። ያን አበባ የቀረጸው እጅ የማን እንደሆነ አልተጻፈም፤ ከንጉሡ ስም ይልቅ የእርሱ ቢተርፍልን እወድ ነበር።

በ1617 ዓ.ም. ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ መጣ፤ በ1618 ዓ.ም. በየካቲት በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ታዘዙ። ፓኤዝ በትዕግሥት የሠራውን ሜንዴስ በችኮላ አፈረሰው። ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግም ይካኑ፣ ታቦታቱ ይለወጡ፣ የቀዳሚት ሰንበት ይሻር አለ። አገሩም ታወከ። ገና ፓትርያርኩ ሳይመጣ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዮልዮስ ስለ ሃይማኖት ተነሥተው በ1609 ዓ.ም. ወድቀው ነበር፤ ሜንዴስ ያን ደም አላሰበም። በላስታ መልክአ ክርስቶስ ሸፈተ። በ1624 ዓ.ም. በሰኔ በወይና ደጋ ንጉሡ ድል አደረገ፤ በሺህ የሚቆጠር ገበሬም አለቀ። የሞቱት ሁሉ የገዛ ሕዝቡ ክርስቲያኖች ነበሩና ንጉሡ ልቡ ተሰበረ፤ በዚያው ወር የአባቶቻችሁ ሃይማኖት ይመለስላችሁ ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። በ1625 ዓ.ም. በመስከረም ዐረፈ፤ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበረ።

ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን በ1626 ዓ.ም. ከአገር አስወጣ። ኖራውን ግን አላስወጣም፤ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁር ግንቡን በእርሱ አነጸ። የፋሲልን ግንብ የሚያደንቅ ሁሉ የጎርጎራን ጠራቢዎችም እያደነቀ ነው።

ማርያም ግንብ ዛሬ አብዛኛው ጣሪያው ወድቋል፤ የዛፍ ሥር ግድግዳውን እየሰነጠቀው ነው። ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው፣ ለክተውና ሥለው መዝግበውታል፤ መዝገብ ግን ግድግዳ አይደግፍም። ገበታ ለሀገር በተባለው የልማት ሥራ ጎርጎራ ለእንግዳ ተሰናድታለችና ይህ ግንብም ከሥራው ይቆጠር ዘንድ፣ ኖራ የሚያቃጥል ባለሙያም ይፈለግለት ዘንድ እንለምናለን።