የእናቶቻችን ድምፅ አብሮን ይሻገር

ከኦቦ ነው የምጽፍላችሁ። የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የሞያሌ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ምሽግና ስለ ድንበር ነው። በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ጣሊያኖች በኬንያ በኩል ያለውን የእንግሊዞች ምሽግ ከበው እንደያዙት፣ በ1933 ደግሞ እንዳጡት መጻሕፍቱ ይነግሩናል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጣሊያን አገራችንን ሲወር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ተሻግረው ኢሲዮሎ በካምፕ ሰፍረው ነበር፤ በኋላም ወደ ታቬታ ተወስደዋል። ከወታደሮቹ ጋር ሴቶችና ልጆችም ነበሩ። እዚህ አገር ስደተኛ ስንሆን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ከእነዚያ እናቶች ግን የአንዷን ድምፅ እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

ይህ ሲከነክነኝ ኖሮ ነው ስልኬን ይዤ የሞያሌ እናቶችን መቅዳት የጀመርኩት።

በሐምሌ 2004 ዓ.ም. በተነሳው ግጭት ከ20 ሺህ በላይ ሰው ወደ ኬንያ መሸሹን ቀይ መስቀል ተናግሯል። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ወታደሮች ተኩሰው 9 ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ መንግሥት በተሳሳተ መረጃ የተፈጸመ ነው አለ። በቀናት ውስጥ ወደ 10 ሺህ ሰው ተሻግሮ በሶማሬ፣ በሴሲና በሌሎችም ቦታዎች ሰፈረ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቁጥሩ ይህን ይላል፤ እዚያው ያቆማል።

ድምፁ ግን ይቀጥላል። አንዲት እናት ዓመቱን የምትቆጥረው በልጆቿ ነው፦ «በፊተኛው ሽሽት ልጄ ጀርባዬ ላይ ነበር። በኋለኛው ደግሞ እሱ ራሱ እህቱን አዘለ።» ሌላዋ ስለ ተኩሱ ብጠይቃት ስለ ሊጧ ነገረችኝ። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ተጥዶ ነው ጥላው የወጣችው። በሦስተኛው ቀን እዚያው የቀረች ጎረቤቷ፣ ቋንቋቸው እንኳ አንድ ያልሆነ፣ ያንኑ ሊጥ ጋግራ እንጀራውን በሰው እጅ ድንበር አሻግራ ላከችላት። «ያን ቀን ነው ያለቀስኩት» አለችኝ። ከዚያ ረጅም ዝምታ አለ። ፍየል ትጮኻለች፣ ሞተር ያልፋል። ያንን ዝምታ አልቆረጥኩትም። የእሷ ንግግር ነውና።

ቤላሩሳዊቷ ጋዜጠኛ ስቬትላና አሌክሲየቪች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ የሶቪየት ሴቶችን በቴፕ ሪከርደር እየቀዳች መጽሐፍ አውጥታለች፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። ሴቶቹ ስለ ድል ብዙም አላወሩላትም፤ ስለ ልብስ፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ፍርሃት እንጂ። የእኛም እናቶች እንደዚያው ናቸው። እኔ ግን ወደ ጽሑፍ ብቻ መለወጡ አላረካኝም። ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ሳግ እየተናነቃቸው ነው፤ ሳግ በወረቀት አይሰማም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ድንኳን ውስጥ የወለደች እህት ሌሊቱን ሙሉ ነግራኝ፣ ጠዋት ተመልሳ መጣች። «እህቴ፣ በሞቴ አጥፊው፤ ልጄ አንድ ቀን ይሰማዋል» አለችኝ። ከቀዳኋቸው ሁሉ የከበደው እሱ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ታሪክ ይጠፋል ብዬ። ግን ታሪኩ የእሷ እንጂ የእኔ አይደለም። እያየችኝ አጠፋሁት። ባላጠፋው ኖሮ፣ ሳትወድ ቤቷን ካስለቀቋት ሰዎች በምን እለያለሁ? ያን የሰሙ ሌሎች እናቶች «እኔንም ቅጂኝ» እያሉ መጡ።

ስለዚህ በናይሮቢም፣ በካኩማም፣ በውጭም ያላችሁ ልጆች፣ እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን ቅዱ። አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ማን እንደሚሰማው ንገሯቸው። ስምና ሰፈር ሳያስፈልግ አታስገቡ። ስትጨርሱ መልሳችሁ አሰሟቸው፤ ይጥፋ ካሉ ይጥፋ። «ስንት ሰው ሞተ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «የዚያን ቀን ምን እየሠራሽ ነበር፣ እማዬ?» በሏቸው። ሊጡ የሚመጣው ያኔ ነው።

የኢሲዮሎዎቹ እናቶች አምልጠውናል። የእኛዎቹ ግን ገና አጠገባችን ቡና ያፈላሉ።

ቸር ያሰማን።